ከመዳቡ በቀር ዋጋ የለውም

አስናቀው ሙዚቃ ይጠላል። ይህን ወሬ መጀመሪያ ያስወራው ራሱ ነው፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ሲደጋግመው መርካቶም አምኖ ተቀበለው። ሱቁ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ ናት፤ አንድ ሰው ከተቀመጠ ሌላው መቆም አለበት። እዚያች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር እየፈታ በአዲስ ሽቦ መልሶ ይጠቀልላል። የወፍጮ ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ትራንስፎርመር፣ ብቻ መዳብ የተጠመጠመበት ነገር ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ዕድሜው ስልሳ አንድ ነው። በሁለቱም ጆሮው ጥጥ ይወትፋል። ደንበኛ ሲያናግረው ከአንደኛው ጆሮ ብቻ ያወጣል፤ እሱንም ሰውየው ቁም ነገር ያለው መሆኑን ካየ በኋላ ነው።

ጥጡ የበርበሬው ብናኝ እንዳይገባበት ነው የሚሉ አሉ። ብናኙማ የሚገባው በአፍንጫ ነው። ጥጡ ለቢኒ ነው። ቢኒ ከፊት ለፊቱ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጥ ወጣት ሲሆን ከበሩ ግራና ቀኝ የሰው ቁመት ያላቸው ሁለት ጥቁር እስፒከሮች አቁሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሲያስጮኻቸው ይውላል። የሚሰማው ዘፈኑ አይደለም፤ ዱም ዱሙ ብቻ ነው። አስናቀው ጠረጴዛ ላይ ያሉት ብሎኖች ይዘላሉ። ከቢኒ ቀጥሎ ያለው ጫማ ነጋዴ ደግሞ ዋጋውን አንድ ጊዜ በሜጋፎን ቀድቶ «አራት መቶ፣ አራት መቶ» ያስብለዋል፤ እሱ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ሜጋፎኑ ገና አራት መቶ ላይ ነው።

«ቀንሰው» ይላል አስናቀው፣ በቀን አንዴ መንገዱን ተሻግሮ።

«ጋሼ፣ ድምፅ ከሌለ እኮ ገበያ የለም» ይላል ቢኒ እየሳቀ። ክፋት የለውም።

«ይሄ ድምፅ ነው? ይሄ ዱላ ነው።»

ቢኒ ትንሽ ይቀንስለታል። አስናቀው ወንበሩ ላይ ሳይደርስ መልሶ ይጨምረዋል። አስናቀው የቢኒን ሰባት ትውልድ እየተሳደበ ጥጡን ጠቅጠቅ አድርጎ ሥራው ላይ ያቀረቅራል።

ቤቱ ውስጥ ግን ንጉሥ ነው። አዲስ ከተማ ውስጥ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤቱ ሙዚቃ የሚባል ነገር አይገባባትም። ቴሌቪዥኑ ለዜና ይከፈታል፣ ዜናው ሲያልቅ ይዘጋል። ሁለቱ ልጆቹ በዚህ ዝምታ አድገው የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል፤ ሊጠይቁት ሲመጡ ስልካቸውን በር ላይ ድምፁን አጥፍተው ነው የሚገቡት። ሚስቱ እታለም ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች። ማታ ወጥ ስትሠራ ኩሽና ውስጥ የምታዳምጣት አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ሬዲዮ አለቻት። አስናቀው ያውቃል። ድምፅዋ ከኩሽናው በር አልፎ ከመጣ «ቀንሺው» ይላል፤ ካልመጣ ዝም ይላል። ይህን ዝምታውን እንደ ትልቅ ውለታ ይቆጥረው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ቀን ኢክራ የምትባል ልጅ በፌስታል ጠቅልላ ከባድ ነገር ይዛ መጣች። ሃያ ስምንት ቢሆናት ነው። አንድ የገበያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የድሮ ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ እየጠገነች ትሸጣለች። ፌስታሉን ስትፈታው የተቃጠለ ትራንስፎርመር ወጣ።

«ጋሼ አስናቀው እርስዎ ነዎት? ይህን በእጅ መጠቅለል የሚችል ከእርስዎ ሌላ የለም አሉኝ።»

ጥጡን ከአንድ ጆሮው አወጣ። «የምን ነው?»

«የአምፕሊፋየር። የድሮው፣ ባለ ቫልቩ።»

አስናቀው በእጁ መዘነው። ሳያስበው የገመተው ውስጡ ያለውን መዳብ ነበር። «እንዲህ ያለውን ስንቱን ነቅዬዋለሁ መሰለሽ። ልምከርሽ ልጄ፤ ከመዳቡ በቀር ዋጋ የለውም። አዲስ ግዢና ተገላገይ።»

«አዲሱ እንደሱ አይዘፍንማ።»

ዘፈን ሲባል ሰምቶ ፊቱን አኮማተረ፤ ሊመልሳትም ነበር። ግን በእጅ መጠቅለል የሚችል ሌላ የለም ያለችው ቃል ሆዱ ገብታለች፤ ውዳሴ የማይወድ የለም። «ሐሙስ ነይ» አላት። «ቆይ፣ እኔ ነኝ የምመጣው።»

አስናቀው አንድ ሕግ አለው። የጠቀለለው ነገር በቦታው ገብቶ አንድ ሰዓት በፊቱ ካልሠራ አያስረክብም። የወፍጮ ሞተር ከሆነ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይሄዳል፤ በርበሬ እያስነጠሰው አንድ ሰዓት ሙሉ እጁን ሞተሩ ላይ ጭኖ ሙቀቱን ያዳምጣል። ብዙዎቹ ጠቅላዮች ገንዘባቸውን ተቀብለው «ሂድ፣ ይሠራልሃል» ነው የሚሉት። እሱ እንደዚያ አይደለም፤ ስለዚህም ይኮራል።

እናም ሐሙስ ከሰዓት አራት ፎቅ በእግሩ ወጣ። ሊፍቱ ስለማይሠራ ሕንፃውን የሠራውንም ያከራየውንም እየረገመ ነው የወጣው። የኢክራ ክፍል ጠባብ ነች፤ ግድግዳዋ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ክዳን የሌለው ብረት ተቀምጧል፤ በላዩ ትንንሽ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቫልቮች ቆመዋል። ጎኑ ሸክላ ማጫወቻ አለ። ፊቱ አንድ የእንጨት እስፒከር አለ፤ የቢኒን ሲሶ አያክልም። ትራንስፎርመሩን ቦታው አስገብቶ አሰረው፣ ሽቦዎቹን አገናኘ፣ ኢክራ ማብሪያውን ጫነችው። ምንም አልተሰማም።

«አይሠራም» አለ አስናቀው።

«ይሠራል። መሞቅ አለበት፣ ትንሽ ይታገሱት።»

ቫልቮቹ ውስጥ ብርቱካንማ ብርሃን ቀስ እያለ መጣ። አስናቀው እጁን ትራንስፎርመሩ ላይ ጭኖ ቆመ። ኢክራ መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፈች።

«ጥጡን ቢያወጡት፣ ጋሼ?»

«እኔ የመጣሁት ለሙቀቱ ነው።»

«አንድ ሰዓት ዝም ብለው ከሚቆሙ ብዬ ነው።»

ከአንዱ ጆሮ አወጣ። ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳይጠይቀው ከሌላውም አወጣ።

አንዲት ሴት በማሲንቆ ታጅባ ትዘፍን ነበር። አስናቀው መጀመሪያ የሰማው ድምፅዋን አይደለም፤ ከመዝፈኗ በፊት አየር ስትስብ ነው። ቀጥሎ የቀስቱ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ ሲነካ ሰማ። ማሲንቆ መቺው ቀስቱን ሲመልስ ጭራው የሚያሰማውን ሻካራ ድምፅ ሰማ። ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ማዶ በርጩማ ላይ የተቀመጠች መሰለችው፤ እጁን ቢዘረጋ ቀሚሷን የሚነካ። የገረመው ደግሞ ድምፁ ከፍ ያለ አለመሆኑ ነው። ከኢክራ ጋር ሳይጮህ ማውራት ይችላል። ጆሮውን የመታው ነገር የለም። ደረቱን የደለቀው ነገር የለም።

«ዝቅ አድርጊው» አለ፣ ልማድ ሆኖበት።

«ዝቅ ያለ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

ደስ አለው ብል ዋሸሁ። ቱግ አለ። ለዓመታት አንድ ነጋዴ ጋ ሲገዛ ኖሮ ሚዛኑ የተጭበረበረ መሆኑን ዛሬ እንዳወቀ ገዢ ደሙ ፈላ። ታዲያ እስከ ዛሬ ጆሮው ሲደበደብ የኖረው በምንድን ነው? ይህ እያለ ነው እንዴ ሰው ሁሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥለት የኖረው? ማን ነው ይህን ከሰው ቤት አውጥቶ የጣለው? ሸክላው አልቆ ኢክራ ስትገለብጠው፣ ሁለተኛው አልቆ ሌላ ስታስገባ፣ እጁን ከትራንስፎርመሩ ሳያነሣ ቆመ። ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል። ሙቀቱን ረስቶታል።

«ስንት አለሽ እንዲህ ያለ?» አላት፣ ሲቆጣ እንደሚናገረው።

«የሚሠራ ይሄ ብቻ ነው። አንድ ሌላ አለ፣ ግን ሞቷል።» ከጠረጴዛው ሥር አቧራ የለበሰ ብረት ጎትታ አወጣች። «ከምናለሽ ተራ ነው ያገኘሁት። አንዱ ጨካኝ የሁለቱንም ትራንስፎርመር መዳብ ነቅሎ ባዶ ብረቱን መልሶ አስሮታል። ለቆራሌ ሲሸጠው ክብደት እንዲያነሣለት ነዋ።»

አስናቀው ንዴቱን የሚያሳርፍበት ሰው ሲያጣ ነበርና አሁን አገኘ። «እጁን ይቁረጠው» አለ። «ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ሙሉውን ነው የሚወስደው፣ ሌላ ቤት ሄዶ ይሠራል። ይሄ አራጅ ነው። ይሄን ያደረገ ሰው ጆሮ አልፈጠረበትም። ልጅ አይወጣለት፣ የሠራው ቤት...» እያለ ብረቱን ገለበጠው።

ከሆዱ አራት የተቆረጡ የሽቦ ጫፎች ወጥተው ነበር። እያንዳንዱ ጫፍ በጥቁር የልብስ ስፌት ክር ተጠቅልሎ፣ ሦስት ጊዜ ተቋጥሮ፣ ቫርኒሽ ተነክሯል። እርግማኑ እዚያ ላይ ቆመ።

ጥቅለላ ያስተማረው ሟች አለቃው «ሽቦ ስትቆርጥ ጫፉን ራቁቱን አትተወው፤ ነገ የሚነካውን ሰው አስብ» ይለው ነበር። አስናቀው ይህን ቃል እንደ ጸሎት ይዞታል። መርካቶ ውስጥ ሽቦ ቆርጦ ጫፉን በክር የሚያለብስ፣ ክሩን ሦስት ጊዜ ቋጥሮ ቫርኒሽ የሚነክር ሰው እሱ ብቻ ነው። ክሩም ከየት እንደመጣ ያውቀዋል። ከአማቱ፣ ከእታለም አባት ሱቅ ነው።

«ምነው ጋሼ? ያወቁት ሰው ነው እንዴ?»

«አውቀዋለሁ።»

«አለ?»

«እዚሁ መርካቶ ነው ያለው።»

«ታዲያ ይንገሩታ፣ ወላሂ። ምን እንዳጠፋ ይወቅ።»

«እነግረዋለሁ» አለ አስናቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በርበሬ በረንዳ ያለ የአንድ ወፍጮ ቤት ሞተር ተቃጠለ። ያኔ አዲስ የመዳብ ሽቦ በወርቅም አይገኝም። ጠቅላይ ሁሉ ሽቦ የሚያገኘው ከሞተ እቃ ነው፤ አሮጌ ሬዲዮና አምፕሊፋየር እየገዛ ይነቅላል፣ ቀጭኑን ሽቦ አራት አራት አድርጎ እየደረበ ሞተር ይጠቀልልበታል። አስናቀው በዚህ ስም ያወጣ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ያን ሰሞን የሞተ እቃ አለቀበት። በሕይወት ያለ ግን ቤቱ ውስጥ አንድ ነበር። የእታለም አባት አቶ ምንይሉ ሸማ ተራ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ልጃቸውን ሲድሩ ሸክላ ማጫወቻቸውን ከነአምፕሊፋየሩ ሰጥተዋት ነበር። ባለ ወፍጮው እየለመነው ነው፣ በዓሉ እየደረሰ ነው፣ አስናቀው ደግሞ «አልችልም» ማለት ሞቱ ነው። እታለም ገበያ በሄደችበት ነቀለው። ባዶ ብረቱን መልሶ አሰረና ከማጫወቻው ጋር ለቆራሌው ሸጠው።

እታለም ስትመለስ ቡፌው ላይ ባዶውን ቦታ አየች። «የት ሄደ?» አለችው። «ከመዳቡ በቀር ዋጋ አልነበረውም፤ ሌላ እገዛልሻለሁ» አላት። «ይሁን» አለች። አስናቀው ያችን «ይሁን» ይቅርታ ናት ብሎ አጣጥፎ አስቀመጣት፤ ሌላ መግዛቱንም ረሳው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለውን ሰምቶት ያውቃል፤ ስለ ሌሎች የተባለ መስሎት ኖሮ ነው እንጂ።

ስለ ጥቅለላው ከኢክራ አንድ ብር አልተቀበለም። የሞተውን ስጪኝ አላት፣ ሰጠችው።

ያ እቃ የአማቱ መሆኑን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አምኗል። ለማመሳከር መልኩን ለማስታወስ ሞከረ፤ ቀለሙ ምን ነበር፣ ቁልፎቹ ስንት ነበሩ፣ ምንም ሊመጣለት አልቻለም። የመጣለት የመዳቡ ክብደት ነው። ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። ይህን ያህል ዓመት ይህቺን ቁጥር ተሸክሞ ኖሮ የእቃውን ፊት አለማወቁ አንጀቱን አሳረረው።

ሦስት ሳምንት ለፋበት። ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ትራንስፎርመር ቀላል ነው፣ በሁለት ቀን ጨረሰው። ድምፁን ወደ እስፒከሩ የሚያወጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፀጉር የሚያህል ሽቦ፣ በየመሃሉ ወረቀት እየገባ፣ ቀጭኑና ወፍራሙ እየተፈራረቀ፣ ሦስት ሺህ ዙር። ቁጥሩን ኢክራ ከስልኳ እያነበበች ጻፈችለት፤ ቫልቮችም ፈላልጋ አመጣችለት። ሽቦው አሁን ገበያ ሞልቷል፤ በየሱቁ በኪሎ ይሸጣል። ይህም አናደደው። ያኔ ሁለት ሳምንት ቢታገሥ ኖሮ አንድ ቦታ ይገኝ ነበር ብሎ አሰበ፤ ባለ ወፍጮውን ረገመ፤ ባለ ወፍጮው ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው።

አንድ ቀን ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ላይ ሲደርስ የቢኒ ዱም ዱም ቆጠራውን አጠፋበት። ስንተኛው ላይ እንደነበረ ጠፋው። ሁሉንም ፈታ። ከዚያ መንገዱን ተሻገረና ገመዱን ከሶኬት ነቀለው። ቢኒ አፉን ከፍቶ አየው።

«ጋሼ፣ ምን ሆነዋል?»

«እየቆጠርኩ ነው» አለ አስናቀው፣ ገመዱን እንደያዘ። «ለሚስቴ የምሠራው ነገር አለ። እባክህ።»

«ታዲያ እንደሱ ይሉኛል እንጂ» አለ ቢኒ። አራት ቀን ሙሉ እስፒከሮቹን ዘጋለት፤ ጫማ ነጋዴውንም ሄዶ ለመነለት። ሦስት ዓመት ሲሳደብ ያጣውን ዝምታ አንዴ ሲለምን አገኘው። ይህም አናደደው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከምሳ በኋላ፣ አምፕሊፋየሩን ለተሸካሚ አላምንም ብሎ ጭኑ ላይ ታቅፎ በታክሲ ወደ ቤቱ ወሰደው። ማጫወቻና እስፒከር ከኢክራ ተውሷል። ቡፌው ላይ ያለውን የብርጭቆ ሰልፍ ገፋ አድርጎ አስቀመጠው። እታለም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የነጠላ ጫፍ እየቋጨች ነበር። እጇን አላቆመችም።

«ምንድን ነው?»

«የአባትሽ ነው» አለ። ሦስት ሳምንት ሲያጠናት የነበረች ቃል ናት።

እታለም ነጠላውን አስቀምጣ ተነሣች። እቃውን ከፊት አየችው፣ ዞራ ከኋላ አየችው፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው።

«የአባቴ አይደለም።»

«ነው እንጂ። ቋጠሮውን እዪው፣ የእኔ እጅ ነው።»

«የአንተ እጅ ይሆናል። የአባቴ ድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ተሰብሮ በቦታው የክር ማጠንጠኛ እንጨት ተክለውበት ነበር። በከፈትኩት ቁጥር እሷን ነበር የማዞረው። ስትነቅለው በእጅህ ሳትይዛት አልቀረህም፤ አላየሃትም እንጂ።» ቁልፉን ለቀቀችው። «ይሄ ከሌላ ሰው ቤት ያወጣኸው ነው።»

አስናቀው ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ደግሞ አየ። ስንት ቤት እንዲህ እንዳደረገ አይቆጥረውም፤ ሽቦ እንጂ ቤት ቆጥሮ አያውቅም። የአማቱን እቃ ሊመልስ ሦስት ሺህ ዙር የጠመጠመው የማያውቀውን ሰው እቃ ኖሯል።

«ይዘፍናል?» አለች።

«ይዘፍናል። ሸክላ ግን አልያዝኩም።»

እታለም ጓዳ ገብታ ከአልጋው ሥር በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ተመለሰች። ሰባት ሸክላ ነው። አባቷ ከማጫወቻው ጋር የሰጧት ናቸው። አስናቀው በዚያ አልጋ ላይ ይህን ሁሉ ዓመት ሲተኛ ከሥሩ ምን እንዳለ አያውቅም ነበር። አንዱን መርጣ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ አስገባችው። ቫልቮቹ እስኪሞቁ ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ክራሩ መጣ፣ ቀጥሎ የሰውየው ድምፅ። ቤቱ ሞላ።

«ጨምረው» አለች እታለም።

ጨመረው።

«ጨምረው።»

«ጎረቤት ይሰማል።»

«ጎረቤት ሠላሳ አምስት ዓመት የሰማው ያንተን ጩኸት ነው። ዛሬ ይሄን ይስማ።»

ጨመረው። እታለም ክንዷን አጣምራ ቡፌው ፊት እንደቆመች አንዱን ገጽ በሙሉ ሰማች። ፊቷን አላየውም። ሸክላው ሲያልቅ መርፌው ጫፉ ላይ እየተንሸራተተ ቀረ፤ እታለም አነሣችው።

«ሠርጋችን ላይ ጃኖውን ጥሎ እስክስታ የወረደው ማን ነው?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«እኔም አንተ ነህ ብዬ ነው። ሚዜዎችህ ሲደክማቸው አንተ አልደከመህም። አንተ ሙዚቃ ጠልተህ አይደለም የአባቴን እቃ የነቀልከው። ከነቀልከው በኋላ ነው መጥላት የጀመርከው። መጀመሪያ እኔን ዝም ለማስባል መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳየው ለራስህም አምነኸዋል። ልጆቼ በሙሉ ዘፈን ሳይሰሙ አደጉ፣ አንተ አንዲት ይቅርታ ላለማለት ብለህ።»

አስናቀው ይቅርታ ሊል ነበር አፉን የከፈተው። የወጣው ግን የለመደው ነው። «ለምን አልተናገርሽም ታዲያ? ብትቆጪ፣ ብትሰድቢኝ ምን ነበረበት? ይሁን አልሽኝ እኮ።»

«ይሁን ያልኩህ ሌላ እገዛልሻለሁ ስላልክ ነው» አለች እታለም። «እየጠበቅኩህ ነበር።»

ሁለተኛውን ሸክላ ከጋቢው አወጣች። ጠረገችው። ሳታየው ተናገረች።

«አሁን ውጣልኝ። ብቻዬን ልስማ።»

«የት ልሂድ?»

«ኩሽና አለልህ።»

ሄደ። ኩሽናው ከሳሎኑ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ይለያል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ውሃ ለመጠጣት ካልሆነ ገብቶበት አያውቅም። የእታለም በርጩማ ምድጃው አጠገብ ናት። ተቀመጠባት። መደርደሪያው ላይ ሬዲዮዋ አለች፣ ጀርባዋ በፕላስተር ታስሮ። በሬዲዮዋ ትክክል ግድግዳው ላይ ከተቀመጠ ሰው ራስ እኩል የሆነ፣ ሳህን የሚያህል፣ የጠቆረ የቅባት ቦታ ነበር። የፀጉር ቅባት ነው። ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀብቶበታል፣ ከሥሩ ግን መልሶ ወጥቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ወደ ሬዲዮ የሚያስጠጋ ሰው ራሱን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው።

አስናቀው ሬዲዮዋን ከፈታት። ልክ እንደ ትንኝ ሲር ሲር አለች። ቃሉ አይለይም። የድምፅዋ መዘውር እዚያው ዝቅታው ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ በጥፍሩ ታግሎ ትንሽ ጨመራት። ያም ሆኖ ለመስማት ማዘንበል ነበረበት። አዘነበለ። ራሱ ግድግዳው ላይ ሄዶ የጠቆረው ቦታ ላይ ዐረፈ። በራሱ ላይ እንዲህ ተናዶ አያውቅም፤ ለዚህ ንዴት ደግሞ መንገድ ተሻግሮ የሚሰድበው ሰው የለውም።

ከሳሎኑ ክራሩ ጀመረ። ወዲያው ተቋረጠ፤ መርፌውን አንሥታዋለች።

«አስናቀው» አለች እታለም ከግድግዳው ማዶ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ያንን ነገር ቀንሰው።»

አስናቀው ቀነሰው።